ሐይቅ ላይ ዳር ይዞ ማቆም የለም

«ጀልባ ገዛሁ» ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስናገር፣ ዲኬተር ጎዳና ላይ ባለ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት የተሰበሰቡ ወዳጆቼ በሳቅ ፍርስ አሉ። አንዱ «በረሃ ውስጥ?» አለ። ሌላው «አይ አንተ፣ ሳይቸግርህ ጤፍ ብድር!» አለኝ። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት፣ ታክሲ የሚነዱት ጋሼ ግን አልሳቁም። ቡናቸውን ፉት ብለው «ሞዴሏ የስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «የ1996» አልኳቸው። «እንግዲያው ሥራ ነው የገዛኸው» አሉኝና ወሬውን ወደ ሌላ ወሰዱት።

«ሥራ» ያሉት ነገር እስኪገባኝ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። የገባኝም እናቴንና ልጆቼን ጭኜ፣ ሐይቁ መሃል ላይ ሞተሩ ካቆመብኝ በኋላ ነው። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲጀምር ፎቶዎቼን ያዩ ወዳጆች «በስንት ገዛሃት? እኛም እኮ አስበናል» እያሉ ይደውሉልኛል። ዋጋውን እነግራቸዋለሁ። ከዋጋው በኋላ ስለሚመጣው ግን በስልክ አውርቼ አልጨርሰውም፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ጀልባ በበረሃ

ላስ ቬጋስን በፊልም ብቻ ለሚያውቃት ሰው ጀልባ የሚለው ነገር ቀልድ ይመስለዋል። ነገር ግን ከከተማዋ ተነስቶ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሌክ ሚድ ይደረሳል። በ1930ዎቹ የተሠራው ሁቨር ግድብ የኮሎራዶን ወንዝ ሲገታው የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። የላስ ቬጋስ አካባቢ ከሚጠቀመው ውሃ 90 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከዚሁ ነው። እኛም በየቀኑ እንጠጣዋለን፤ ቡናችንን እናፈላበታለን። ሄደን ያየነው ግን ጥቂቶች ነን። ሌሊት ታክሲና ካዚኖ ላይ የሚያድር ሰው ቀን መተኛት አለበት፤ የተረፈችው ሰዓት ለልጆች፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶና ለሠርግ ነች።

እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡትን የደንገል ታንኳዎች እያየሁ ነው ትምህርት ቤት የተመላለስኩት። እናቴ ግን ወደ ውሃው ድርሽ እንድል አትፈቅድም ነበር። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ትለናለች። ስለዚህ የሐይቅ ዳር ልጅ ሆኜ ዋና ሳልችል አደግኩ። ዋና የተማርኩት በ27 ዓመቴ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልሠራ እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲው ገንዳ ውስጥ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተሰልፌ ነው። ሕፃናቱ ቀድመውኝ ጨረሱ።

ጀልባዋን የገዛሁት በ2022 ነው። ያን ዓመት ሐምሌ ላይ የሌክ ሚድ ውሃ፣ ሐይቁ ገና እየሞላ ከነበረበት ከ1937 ወዲህ ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወረደ። ከ2000 ጋር ሲነጻጸር ከ50 ሜትር በላይ ቁልቁል ሄዷል። ዙሪያውን ዐለቱ ላይ ነጭ ቀለበት ቀረ። ጀልባ ወደ ውሃ የሚወርድባቸው ራምፖች እየተዘጉ፣ ሄመንዌይ ላይ ያለው እንኳ ውሃውን እያሳደደ ይራዘም ነበር። «ሐይቁ አለቀለት» ያለ ሁሉ ጀልባውን ለገበያ አወጣ። እኔም 18 ጫማ ርዝመት ያላት፣ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር የተገጠመላትን የቤተሰብ ጀልባ፣ ከነተሳቢዋ በ3,200 ዶላር ከአንድ ጡረተኛ ገዛሁ።

ሽማግሌው ከቁልፉና ከሰነዱ ጋር አንድ ደብተር ሰጡኝ። በእርሳስ የተጻፈ የጥገና መዝገብ ነው፤ ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ካንዴላ፣ ባትሪ፣ የውሃ ፖምፓ። እስከ 2014 ድረስ በየዓመቱ ሥርዓት ባለው መንገድ ተሞልቷል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ሚስታቸው የታመሙበት ጊዜ እንደሆነ ነገሩኝ። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ መዝገብ በድንገት ሲያቆም ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። «ቀስ እያልኩ አደርሰዋለሁ» ብዬ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሳይገዙ በፊት

ደግነቱ ከመግዛቴ በፊት ጥቂት ነገር አንብቤ ነበር። ለምታስቡት እንዲጠቅም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን ተመልከቱ። ከኅዳር 1972 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጀልባ ሁሉ ከኋላው በቀኝ በኩል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ባሉት ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ሞዴሉን ይነግሯችኋል። ሰነዱ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ዞር በሉ። በነገራችን ላይ ኔቫዳ ውስጥ ጀልባ የሚመዘገበው በዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነው፤ ተሳቢው ደግሞ መኪና በሚመዘገብበት ቢሮ። ሁለት ወረፋ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የኋላውን ግድግዳ በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርጉት። ከላይ ፋይበርግላስ ይመስላል፤ በብዙ አሮጌ ጀልባ ውስጥ ግን እንጨት ነው። ሞተሩን የተሸከመው እሱ ነው። ጤነኛ ከሆነ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ ከበሰበሰ እንደ ካርቶን «ዱፍ» ይላል። የበሰበሰ ግድግዳ ማስጠገን ከጀልባው ዋጋ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን የኋላ እግር ዘይት ትንሽ አስፈስሱና እዩ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። አራተኛ፣ የተሳቢውን ጎማ ጥርስ አይታችሁ አትታለሉ። ጎማው ላይ የታተሙትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2214 ካለ በ2014 ዓ.ም. በ22ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ተሳቢ በዓመት ብዙ ስለማይሄድ ጥርሱ አያልቅም፤ ላስቲኩ ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ ይሰነጠቃል። የእኛ ፀሐይ ደግሞ የዋዛ አይደለችም። ሐምሌ 2024 ላይ ቬጋስ 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገብታለች።

ጋሼና ሞተሪኖው

ጋሼ አገር ቤት ሳሉ የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ። የሳቁት ወዳጆቼ ለፎቶ ሲመጡ፣ እሳቸው ቁልፍ ይዘው መጡ። ኩሽኔታ እንዴት እንደሚታጠብና ግራሶ እንዴት በመዳፍ ተጭኖ እንደሚገባ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የጀልባ ተሳቢ ኩሽኔታ ከሌላው ይለያል። በሀይዌይ ሲነዳ ይግላል፤ ራምፑ ላይ እንደደረሰ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከራል። በውስጡ ያለው የጋለ አየር ሲበርድ ይሰበሰብና ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ግራሶው በየጊዜው ካልታደሰ ብረቱ ይዝጋል፤ ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጎማው ብቻውን ቀድሟችሁ ይሄዳል።

የተጣላነው በሞተሪኖ ነው። የመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሞተሪኖው ሞተ። የጀልባው ዕቃ የመኪናውን ሦስት እጥፍ ዋጋ አለው። በዚያ ዘመን ከተሠሩት የቤተሰብ ጀልባዎች የብዙዎቹ ሞተር መነሻው የጄኔራል ሞተርስ የመኪና ሞተር ስለሆነ፣ የሁለቱ ሞተሪኖ ሲታይ መንታ ነው። ጋሼ «ያው ነው እኮ! ስሙን ቀይረው ነው የሚዘርፉህ» አሉ። እኔም ልስማማ ነበር፤ ግን ሳነብ ያው እንዳልሆነ ተረዳሁ። መኪና ከሥሩ ክፍት ነው፤ የቤንዚን ጋዝ ቢኖር ነፋስ ይወስደዋል። የጀልባ ሞተር የተቀመጠው የተዘጋ ገንዳ ውስጥ ነው። የቤንዚን ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወርዶ እታች ይተኛል። የመኪና ሞተሪኖ ሲዞር ብልጭታ ወደ ውጭ ሊያፈተልክ ይችላል፤ የጀልባው ግን ብልጭታው እንዳይወጣ ታሽጎ የተሠራ ነው። ዲናሞውም፣ ካርቡራተሩም እንደዚያው። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ቢያንስ ለአራት ደቂቃ ጋዙን ጠርጎ የሚያወጣ ማራገቢያ የሚበራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ለጋሼ ባስረዳኋቸው ጊዜ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ቦቴ ነው በለኛ» አሉ። «ነዳጅ የጫነ ቦቴ አጠገብ ሲጋራ የሚለኩስ የለም። ቀድመህ እንደዚህ ብትለኝ ኖሮ መች እከራከርህ ነበር?» ሞተሪኖውን በሙሉ ዋጋው ገዛን።

ርካሽ የሆነች አሮጌ ጀልባ እንዲህ ነች። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ባትሪ፣ ሞተሪኖ፣ የነዳጅ ላስቲኮች፣ ኢንሹራንስና ምዝገባ ተደምሮ 2,700 ዶላር ገደማ አወጣሁ። ጉልበታችን ያልተቆጠረበት ነው። «በ3,200 ገዛሁ» የምለው ነገር ውሸት ባይሆንም፣ ግማሹን እውነት ብቻ ነው የሚናገረው።

እምቦጭ እዚህም አለ

አንድ ነገር ደግሞ አገሬን አስታወሰኝ። ጣና ላይ እምቦጭ መታየቱ የተነገረው በ2011 ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። ባሕር ዳር ያደግን ሰዎች ምን እንዳደረሰ አንነጋገርበትም፤ እናውቀዋለን። ሌክ ሚድ ደግሞ ኳጋ የምትባል የጥፍር መጠን ያላት ባለ ዛጎል ፍጥረት አለችው። ከዩክሬን ወንዞች ተነስታ፣ በመርከብ ውሃ ተጭና ወደ አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገባች፤ ጥር 2007 ላይ እዚህ ተገኘች። ቧንቧ ትደፍናለች፣ የሞተር ውሃ መሳቢያ ትዘጋለች፣ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የምትሄደው ደግሞ እንደ እኔ ባለ ሰው ጀልባ ተሳፍራ ነው።

ስለዚህ ከውሃ የወጣ ጀልባ ይጸዳል፣ ውሃው ይፈስሳል፣ ይደርቃል። ለዚህም የታችኛው መድፈኛ ቡሽ ይነቀላል። እዚህ ጋ ብዙ ጀማሪ የሚሠራትን ስህተት ልንገራችሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቡሹን መመለስ ይረሳል። ጀልባው ራምፑ ላይ ከሰው ፊት ቀስ እያለ ይሰምጣል። እኔ ቡሹን የማስረው ከሞተሩ ቁልፍ ጋር ነው። ቡሹን ሳላስገባ ቁልፉ ነጻ አይሆንም።

ያራዘምኩት ነገር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመኪና ሞተር ራዲያተር አለው። የእኔ ጀልባ ራዲያተሯ ሐይቁ ነው። የኋላው እግር ውስጥ ኢምፔለር የምትባል፣ ስድስት የላስቲክ ክንፍ ያላት፣ መዳፍ የማትሞላ ዕቃ አለች። የሐይቁን ውሃ እየቀዳች ወደ ሞተሩ የምትልክ እሷ ነች። ላስቲክ ስለሆነች ቆማ ስትከርም ክንፎቿ ታጥፈው ይቀራሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ብትሠራም ባትሠራም በየሁለት ዓመቱ እንድትቀየር ይመከራል። ዋጋዋ ከነጓዟ 60 ዶላር ነው። ሥራው ግን እግሩን ማውረድ ይጠይቃል፤ ግማሽ ቅዳሜ ይበላል።

የሽማግሌው ደብተር ላይ ለመጨረሻ ጊዜ «የውሃ ፖምፓ» ተብሎ የተጻፈው በ2014 ነው። አይቼዋለሁ። ዕቃዋንም ገዝቼ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ግን አንድ ቅዳሜ የመሥሪያ ቤት ሥራ ያዘኝ፤ አንዱ ቅዳሜ ክርስትና ነበር፤ አንዱ ቅዳሜ ደከመኝ። ሞተሩ ይሠራል፤ መርፌው መሃል ላይ ነው፤ ታዲያ ምን አስቸኮለኝ? በእኛ ሙያ «ቴክኒካል ዕዳ» የምንለው ነገር አለ፤ ዛሬ መስተካከል ያለበትን ኮድ «ኋላ» ብለን ስናልፈው ዕዳው ይወልዳል። ስብሰባ ላይ ስለዚህ ነገር ለጀማሪዎች ብዙ ሰብኬያለሁ።

ሰኔ 2024 ላይ እናቴ ከባሕር ዳር ልትጠይቀን መጣች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ኤር ኮንዲሽነር ሥር ተቀምጣ «እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?» ስትል ባለቤቴ «ወደ ሐይቁ እንውሰዳት» አለች። እናቴ ጀልባዋን ዞር ዞር ብላ አየቻት፣ አማተበች፣ ወጣች። ላይፍ ጃኬቱን ሳለብሳት «ይህ ደግሞ ምንድን ነው፣ አራስ አስመሰልከኝ» ብላ ሳቀች። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስተዋት ነበር። ልጆቼ ጮሁ፣ እሷ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። ሌክ ሚድ ላይ ነፋስ ድንገት ነው የሚመጣው፤ ተራሮቹ መሃል ይጠባና ይፈጥናል። ለመመለስ ሞተሩን ስጭነው የሙቀት መርፌው መውጣት ጀመረ። ቀነስኩ፤ አልወረደም። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ከማጥፋት በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ሞተሩ ሲጠፋ የነፋሱና ጀልባዋን የሚመታው የማዕበል ድምፅ ብቻ ቀረ።

መኪና ቢበላሽ ዳር ይዘህ ታቆማለህ፤ መብራት ታበራለህ፤ ትደውላለህ። ሐይቅ ላይ ዳር ይዞ ማቆም የለም። ዳሩ ራሱ ነው አደጋው። ነፋሱ ወደ ዐለቱ እየገፋን ነበር። መልህቅ ጣልኩ፤ ገመዱ 15 ሜትር ነው፤ ሌክ ሚድ ደግሞ ገደል የሞላው ውሃ ነው፤ ከዳር ጥቂት ራቅ ካሉ ከዚያ እጅግ ይጠልቃል። መልህቁ ተንጠልጥሎ ቀረ። ስልኬን አየሁ፤ ኔትወርክ የለም። ትንሿ ልጄ «አባ፣ ለምን ቆምን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ባለቤቴ ልጆቹን ወደ መሃል ሰበሰበች። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆየን። ባለቤቴ ብርቱካናማ ፎጣ እያውለበለበች ሳለ ከሩቅ ያዩን አንድ አባትና ልጅ መጡልን። ገመድ ወረወሩ፤ ጎትተው ራምፑ ድረስ አደረሱን። ገንዘብ ላውጣ ብል «አንተም ሌላ ሰው ስታይ እንደዚሁ አድርግ» ብሎ አባትየው እጁን አወናጨፈ። ዐለቱ ላይ ለመድረስ የቀረን ርቀት ስንት እንደነበር ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ይህን ስታነብ ታውቃለች።

ማግስቱን ከጋሼ ጋር እግሩን አወረድነው። ከኢምፔለሯ ስድስት ክንፎች ሦስቱ የሉም። ተቆራርጠው ወደ ላይ ሄደው የውሃውን መንገድ ዘግተዋል። አዲሷ ኢምፔለር ከእኛ ሁለት ሜትር ርቃ መደርደሪያ ላይ፣ ከነፕላስቲኳ ተቀምጣለች። ጋሼ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩና «ገዝተህ ነው እንዴ ያስቀመጥካት?» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ያለችው

ማታ ላይ እናቴ ጋራዥ ውስጥ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

«ታንኳ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ጥቂት ወር» አልኳት። ደንገል ውሃ ይመጣል፤ እየከበደ ይሄዳል፤ ይበሰብሳል።

«ያውም በየቀኑ ቢያደርቁት ነው። ባለ ታንኳው ደክሞት ቢመጣም፣ ርቦት ቢመጣም፣ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ሳያቆም ቤቱ አይገባም። ጠዋት ደግሞ በእጁ ዳብሶ ነው የሚወጣበት። እንደሚበሰብስ ያውቃላ! ያንተ ብረትና ፕላስቲክ ነው፤ የማይበሰብስ መስሎህ ነው።»

ልጅ ሆኜ እነዚያ ታንኳዎች ዳር ላይ ቆመው የማያቸው ለማማር ይመስለኝ ነበር። ለካ ጥገና ላይ ነበሩ። የአሜሪካው መንግሥት በሰሌዳ ጽፎ የሰቀለውን «አጽዳ፣ አፍስስ፣ አድርቅ» የጣና ሰው ሰሌዳ ሳያስፈልገው ሲያደርገው ኖሯል።

እኛ ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች መግዛት ላይ ጎበዞች ነን። መኪና፣ ቤት፣ አገር ቤት ኮንዶሚኒየም፣ አሁን ደግሞ ጀልባ። የገዛነውን ፎቶ አንስተን እንልካለን። መጠበቅ ላይ ግን «ጊዜ የለኝም» እንላለን፤ እውነትም ጊዜ የለንም። እንደዚያ ከሆነ አሮጌ ጀልባ አትግዙ። ይህን የምለው ላስፈራራ አይደለም። በዓመት አሥር ጊዜ የማትወጡ ከሆነ ተከራዩ፤ ይረክሳል፤ ጥገናውም የባለቤቱ ራስ ምታት ይሆናል። የምትገዙ ከሆነ ግን ለጀልባው ያወጣችሁትን ያህል ለመጀመሪያው ዓመት አስቀምጡ፤ ከገንዘቡ ጋር ቅዳሜዎችንም ቁጠሩ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው

የሽማግሌውን ደብተር ከመሳቢያ አውጥቼ ከ2014 በታች መጻፍ ጀምሬያለሁ። በየየካቲቱ፣ ሙቀቱ ሳይመጣ፣ የሞተሩና የእግሩ ዘይት ይቀየራል፤ ኩሽኔታ ይታጠባል፤ ላስቲኮች በጣት ይጨመቃሉ። ኢምፔለሯ በየሁለተኛው ዓመት ትቀየራለች፤ ብትሠራም። ቤንዚን ታንከር ውስጥ ለወራት አላከርምም፤ ከኢታኖል ጋር የተቀላቀለው ነዳጅ ውሃ ይስብና ይለያያል። ኅዳር ላይ ከሞተሩ ውስጥ ውሃው ይፈስሳል። «ቬጋስ ምን ብርድ አለ?» ትሉ ይሆናል፤ በክረምት ከዜሮ በታች የምትወርድ አንዲት ሌሊት ሞተሩ ውስጥ የቀረውን ውሃ በረዶ አድርጋ ብረቱን ለመሰንጠቅ ትበቃለች።

ውሃ ላይ ደግሞ ሕጎቹ ቀላል ናቸው። በኔቫዳ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው ሲንቀሳቀስ ላይፍ ጃኬት መልበስ አለበት። በእኔ ጀልባ አዋቂውም ይለብሳል፤ እንግዳም ቢሆን፣ ሽማግሌም ቢሆን። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በየዓመቱ እንደሚያወጣው ሪፖርት በጀልባ አደጋ ሰጥመው ከሚሞቱት ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ላይፍ ጃኬት ያልለበሱ ናቸው። ከጥር 1 ቀን 1983 ወዲህ የተወለደ ሰው ደግሞ ሌክ ሚድ ላይ ከ15 ፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ሞተር ለመንዳት ኮርስ መውሰድ አለበት። ውሰዱት፤ ጥቂት ሰዓት ነው። ሞተር እየሠራ ልጆች ከኋላ መወጣጫው ላይ አይቀመጡም፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ግን ይገድላል። የመልህቄ ገመድ አሁን 60 ሜትር ነው። ነፋስ ከተተነበየ አልወጣም፤ እንግዳ ከሩቅ ቢመጣም። ስንወጣም የት እንደምንሄድና ስንት ሰዓት እንደምንመለስ ለጋሼ እነግራቸዋለሁ።

ከሁሉም በፊት ግን ዋና ተማሩ። የደጋ ልጆች ነን፤ ብዙዎቻችን ዋና አንችልም፤ ማፈር የለበትም። ሌክ ሚድ ዳር የሚጠብቃችሁ ዋናተኛ የለም። በ27 ዓመቴ ከሕፃናት ጋር መሰለፍ ያሳፈረኝን ያህል፣ ያን ቀን ዐለቱን እያየሁ ቢያንስ እኔ ዋና እንደምችል ማወቄ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ረድቶኛል። ልጆቼ ሁለቱም አሁን እየተማሩ ነው። ባለቤቴም ጀምራለች።

እናቴ ወደ ባሕር ዳር ተመልሳለች። እሑድ እሑድ እንደዋወላለን። ጤናዬን፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የባለቤቴን ሥራ ጠይቃ ስትጨርስ፣ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት አንዲት ጥያቄ አትረሳም።

«አደረቅሃት?» ትለኛለች።

«አድርቄያታለሁ፣ እማዬ» እላታለሁ። አንዳንድ እሑድ ገና አላደረቅኋትም። ያኔ ስልኩን ዘግቼ ወደ ጋራዥ እወርዳለሁ።